ከእንጨት ምድጃ ጀርባ የሚቆም የሙቀት መከላከያ በሐረርና በድሬዳዋ

በእንጨት የሚነድ ምድጃ ግድግዳ ተጠግቶ ሲተከል ግድግዳው እንዳይግልና እንዳይቀጣጠል በመካከል የሚቆመው ነገር የሙቀት መከላከያ ነው። ከምን እንደሚሠራ ከመወሰኑ በፊት ግን ከጀርባው ያለው ግድግዳ መታወቅ አለበት፤ ይህም በሐረርና በድሬዳዋ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል።

በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው የሐረር ጥንታዊ ከተማ፣ የነባሮቹ ቤቶች ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ወፍራም ግድግዳ ስለሆነ እሳት አይይዘውም፤ እዚያ ይበልጥ የሚያሰጋው የጣሪያው እንጨት ነው። አሳሳቹ የጭቃ ቤት ነው። ከውጭ ሲታይ አፈር ቢመስልም ከምርጊቱ ሥር ማገርና ቋሚ እንጨት አለ። እንጨት አብዛኛውን ጊዜ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ የሚቀጣጠል ሲሆን፣ በየቀኑ እየጋለ ለዓመታት ከደረቀና ቀስ በቀስ ከከሰለ ግን ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ሙቀት ሊነድ ይችላል። በድሬዳዋ ግቢዎች የሚታየው የቆርቆሮ ማድቤትም ከዚህ አይሻልም፤ ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት ያግለዋል እንጂ አይከላከልለትም። በችፑድ የተከፈለ ክፍል ውስጥማ የእንጨት ምድጃ ባይተከል ይመረጣል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደረጃ ቁጥር 211 በመፈተሻ ተቋም ተፈትሾ ርቀቱ ያልተወሰነለት ምድጃ ከሚቃጠል ግድግዳ 91 ሴንቲሜትር እንዲርቅ ያዛል። 9 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የጡብ ግንብ ያለ ክፍተት ቢቆም ርቀቱ ወደ 61 ሴንቲሜትር ይወርዳል። 0.6 ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍር ላሜራ ከግድግዳው 2.5 ሴንቲሜትር ርቆ ቢታሰር ግን 30 ሴንቲሜትር ይበቃል። ቀጭኑ ላሜራ ወፍራሙን ጡብ የሚበልጠው በአየሩ ምክንያት ነው፦ ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ አየር በላሜራው ጀርባ እየሞቀ ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ላሜራው ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ከላይም ክፍት ሆኖ መታሰር አለበት። ማራቂያው ከብረት ቱቦ የተቆረጠ ቁራጭ ሊሆን ይችላል፤ እንጨት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ብሎኑም በቀጥታ ከምድጃው ጀርባ ባይመታ ይሻላል፣ ሙቀቱን ወደ ግድግዳው ያስተላልፋልና።

ሲሚንቶ በሚመረትባት ድሬዳዋ ብሎኬት በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ቦታ ላለው ሰው ከግድግዳው ለይቶ በብሎኬት መገንባት ጠንካራ ምርጫ ነው። ሴራሚክ በእንጨት ላይ ቢለጠፍ ለማጽዳት ይመቻል እንጂ ሙቀቱን ከማስተላለፍ አይመለስም። ጂፕሰም በውስጡ የያዘው ውኃ ለድንገተኛ እሳት ቢጠቅምም፣ ዘወትር ሲግል ውኃው እየወጣ ይፈረፈራል። ከአሮጌ ቤት የፈረሰ የአስቤስቶስ ክዳን እሳት ቢችልም ሲቆረጥና ሲበሳ የሚበንነው አቧራ ካንሰር ስለሚያመጣ ከቤት መግባት የለበትም።

የጭስ ማውጫ ቱቦውም የራሱን ርቀት ይፈልጋል፤ በዚሁ ደረጃ መሠረት አንድ ንብርብር ብቻ ያለው ቱቦ ከሚቃጠል ግድግዳ 46 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት።