«ሰማዩ ጥርት ብሎ የምን ጎርፍ?» እና ሌሎች ድሬ ላይ የሚነገሩ ስህተቶች

ክረምት በገባ ቁጥር ድሬዳዋ ላይ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፦ «ሰማዩ ጥርት ብሎ የምን ጎርፍ?» ይህን እያሉ ከተማዋን በሚያቋርጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሸቀጥ የሚዘረጉ፣ ባጃጅ የሚያጥቡ፣ ልጆቻቸውን ለኳስ የሚለቁ ሰዎች አሉ። ደጋግሞ ማረም ያሰለቻል፤ ግን ስህተቱ ሰው ይገድላልና ዘንድሮም እንደግመዋለን።

ደቻቱን የሚሞላው ድሬ ላይ የሚወርደው ዝናብ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃው የሚነሳው ግን ከደቡብ፣ በደንገጎ በኩል 2,000 ሜትር ከሚደርሱትና ከሚያልፉት የሐረርጌ ተራሮች ነው። ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ አፈሩ የተሸረሸረ፣ ድንጋዩ ያገጠጠ ስለሆነ ዝናቡ ከመስረጉ በፊት ይወርዳል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ደጋው ላይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ቦታ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹ ብቻ ቢወርድ፣ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ደረቅ ወንዝ በኩል ይመጣል። «አሸዋው ይመጠዋል» የሚለውም እዚሁ ላይ ይወድቃል፤ አሸዋ የሚመጠው ቀስ ብሎ የሚመጣውን ነው።

ጊዜውንም አስሉት። ጎርፉ በሴኮንድ 3 ሜትር ቢጓዝ 20 ኪሎ ሜትር ለመውረድ 2 ሰዓት አይሞላበትም። የክረምት ደመና ደግሞ ቀን በፀሐይ ሙቀት ተገንብቶ አመሻሽ ላይ ይዘንባል፤ ስለዚህ ውሃው ከተማ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከጨለመ በኋላ፣ አንዳንዴም ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ የሆነው ይኸው ነው፤ ከ250 በላይ ሰው ሞቷል፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆኗል። ከተማ ውስጥ ያለ የዝናብ መለኪያ ደጋው ላይ የወረደውን ሊነግራችሁ አይችልም። አንድ የነጎድጓድ ደመና ብዙ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይሸፍናል፤ አንዱን ቀበሌ አጥለቅልቆ ጎረቤቱን ጠብታ ሊነፍገው ይችላል።

ስለዚህ መታየት ያለበት ደቡብ ነው። ተራራው ላይ ደመና ጠቁሮ ከቆመ፣ መብረቅ ከታየ፣ ደጋ ያለ ዘመድ ደውሎ «እዚህ እየጣለ ነው» ካለ፣ ወንዙ ዳር ያለ ሰው ውሃውን ሳያይ ይነሳ። ዕቃ ለመሰብሰብ መመለስ የለም። የሽሽቱ አቅጣጫ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ነው። ደራሽ ውሃ ሲመጣ እንደ ከባድ መኪና ያጓራል፤ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚደርሰው። ወንዙ ዳር የሚኖር ቤተሰብ መታወቂያውን፣ የቤት ካርታውን፣ መድኃኒቱንና ባትሪውን በአንድ ውሃ የማያስገባ ከረጢት በር አጠገብ ያስቀምጥ። ጊዜ ካለና መሬቱ ደረቅ ከሆነ መብራቱ ከቆጣሪው ላይ ይጥፋ፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ማብሪያ ማጥፊያ መንካት ግን ሌላ ሞት ነው።

«ግንብ ተሠርቷል» ለሚሉ፦ ግንብ የሚሠራው ተሰልቶ ለተወሰነ የውሃ መጠን ነው። ደለል የወንዙን ወለል ከፍ ሲያደርገው የግንቡ ቁመት ያጥራል፤ ድልድይ ስር የተጣለ ቆሻሻና ግንድ ሲሸጎጥ ውሃው ዞሮ ወደ ሰፈር ይገባል።

«መኪናዬ ከባድ ነው» ለሚሉ ሾፌሮች፦ 30 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅማ ከዚያም ባነሰ ይሄዳል። የእግረኛውን ሚዛን ለማሳት ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ ይበቃል።

«ሚቲዎሮሎጂ ዝናቡ ከመደበኛ በታች ነው ብሏል፣ ዘንድሮ ጎርፍ የለም» የሚለው ትንበያውን ካለማንበብ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ የሚናገረው ስለ ወራት ድምር ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድልን በመቶኛ ያስቀምጣል። ድምሩ ያነሰበት ክረምት በአንዲት ምሽት ከተማ ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ለጎርፍ የሚያገለግለው የዕለቱ ትንበያና ማስጠንቀቂያ ነው፤ በየቀኑ ይታይ።

በበጋ ደግሞ ሌላ ስህተት ይመጣል፦ «ሰደድ እሳቱን ሳተላይት አይቶታል፣ እኛ ምን እናድርግ?» በብዛት የሚሠራባቸው የእሳት ጠቋሚ ሳተላይቶች በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፉት በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዷ የምስል ነጥባቸው 375 ሜትር ወይም 1 ኪሎ ሜትር ስፋት ትሸፍናለች። የሚያዩት ሙቀትን ስለሆነ ገበሬ የሚያቃጥለውን ቃርሚያ ከጫካ ቃጠሎ አይለዩም፤ ደመና ካለ ደግሞ ጭራሽ ላያዩ ይችላሉ። በደረቁ ወራት ነፋስ ካለ ሁለት ሳተላይት እስኪያልፍ እሳቱ ተራራውን ይሻገራል። ጭስ ያየ ሰው ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ይደውል፤ የቦታውን ስም፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ፣ የሚቃጠለው ሣር ይሁን ዛፍ፣ መኪና የሚደርስበት መንገድ መኖሩን ይንገር። እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናልና ለማጥፋት የሚሄዱ ሰዎች ከእሳቱ በላይ ባለው ዳገት ላይ አይቁሙ።