«ምን ያበላል?» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

የምተዳደረው መጽሐፍ በማረም ነው። ረቂቅ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ተስፋ ያስቆረጠው ዘመድ አያጣም። ዘመዶቹም ራሱም የሚሉት ደግሞ ያው አንድ ዓይነት ነው። ሰለቸኝ፤ ስለዚህ ልመልስ።

«ዕድሜዬ አልፏል።» አላለፈም። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም.።

«ሥራ የሌለው ሰው ነው የሚጽፈው።» እኚሁ ሰው ዲፕሎማትም ሚኒስትርም ነበሩ።

«ሳላስመዘግብ ለአራሚ ባሳይ እሰረቃለሁ።» በቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) መሠረት የደራሲው መብት የሚገኘው ሥራው ተፈጥሮ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። ምዝገባ ማስረጃ ይሆናል እንጂ መብቱን አይፈጥረውም። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ካልተሸጠ ከንቱ ድካም ነው።» ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሽም። አብዛኛው የእኛ አገር ጸሐፊ የሚያሳትመው ከኪሱ ነው። ማተሚያ ቤቱ ይወስዳል፣ አከፋፋዩ ይወስዳል፣ መደብሩና አዟሪው ይወስዳሉ። የቀረው ለደራሲው ነው፤ ከቀረ። ትርፍ ብቻ ፈልጎ የሚጽፍ ሰው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል። ግን ከዚህ ተነስቶ «ምንም አያስገኝም» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። መጽሐፍ ለጸሐፊው የሚሰጠው ዋናው ነገር ማተሚያ ቤት ሳይደርስ የሚገኝ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በ1967 ዓ.ም. ተማሪና መምህር ወደ ገጠር የተላከበት የእድገት በኅብረት ዘመቻ ዘማች ነበሩ። ዘመቻውን ቡና ላይ ሲያወሩት ኖረዋል፤ ልጆቻቸው በቃላቸው ይዘውታል። ረቂቃቸው ላይ «ገበሬው በሙሉ በደስታ ተቀበለን» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በሙሉ?» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ብዙ ቆይተው ሲመለሱ አንዲቷ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ምዕራፍ ሆናለች። ለካ በራቸውን የዘጉባቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። በሬ ስላልነበራቸው መሬታቸውን ምርቱን ለሚካፈላቸው እኩል አራሽ ሰጥተው የሚኖሩ ናቸው፤ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ መተዳደሪያቸው ቀረ። መምህሩ የባልቴቷን ስም ማስታወስ አቃታቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖር አብሮ ዘማቻቸው ደወሉ። ከተነጋገሩ ዘመናት አልፈዋል፤ በፖለቲካ ተቀያይመው ነው የተለያዩት። እሱ የባልቴቷን ስም ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይደዋወሉ ጀመር። ልጃቸው ደግሞ «አባዬ ይህን ለምን አልነገርከንም?» አለቻቸው። «ሳልጽፈው እኔም አላውቀውም ነበር» አሏት።

ይህ የትኛው መደብር ውስጥ መጽሐፍ ተሽጦ የተገኘ ነው? የታተመው ጥቂት ቅጂ ነው፤ አብዛኛውም ለዘመድ ተሰጠ። እኚህን ሰው «ከንቱ ደከሙ» የሚል ሰው እኔ ፊት ባይናገር ደስ ይለኛል።

በአፍ ስናወራ የማናውቀውን እየዘለልን እናልፋለን፤ አድማጭም አይዘንም። ወረቀት ላይ ግን ክፍተቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስሙ ማን ነበር? መቼ ነበር? እኔስ ያኔ ምን አልኩ? ሰው ራሱን የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ለመጻፍ የምታስቡ፣ ከዘመድ ምክር በፊት ይህን አድርጉ። እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ አብሮ አደጋችሁን አስፈቅዳችሁ ሲያወሩ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። ቀኑንና ቦታውን መዝግቡ። «ሁሉም» እና «ሁልጊዜ» የሚሉ ቃላት ስትጽፉ ቆም በሉና ራሳችሁን ጠይቁ። ረቂቁን መጀመሪያ ለሚወዳችሁ ሰው አትስጡ፤ «ቆንጆ ነው» ብሎ ይመልስላችኋል። የሚጠይቅ ሰው ፈልጉ። ለኅትመት ስትደርሱ በዲጂታል ማተሚያ ጥቂት ቅጂ ብቻ አሳትሙ፤ ፋይሉ እጃችሁ ላይ ስላለ ሲያልቅ ይደገማል። ተበድራችሁ ግን አታሳትሙ።