ስለ ቀበሌ ቤት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ያደግኩት አዲስ አበባ ቀበሌ ቤት ነው፣ እናቴም አሁን ድረስ እዛው ናት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢው ውስጥ የሚወራው አንድ አይነት ነው፣ ግማሹ ደሞ ስህተት።

"የመንግስት ቤት ነው፣ መንግስት ይጠግነው"

ቤቶቹ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ናቸው፣ ያኔ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ደረሰ፣ ማለትም ቀበሌ ገና ከመጀመሪያው የወረሰው ደከም ያሉትን ጭቃ ቤቶች ነው። በምንከፍላት ኪራይ ደሞ አንድ ቆርቆሮ አይገዛም፣ እና ጠግኑልኝ ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም። ግን በራሴ ካደስኩ የፈለግኩትን አደርጋለሁ ማለትም አይደለም፣ ለወረዳ አመልክቶ ፈቃድ መያዝ አለ። ፈቃድ ፈርተው በሌሊት ሳሎን ለማስፋት መሀል ምሰሶ የነቀሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ጣሪያው ጎበጠ፣ አሁን ጠረጴዛቸው መሀል ላይ የባህር ዛፍ ድጋፍ ቆሟል፣ እንግዳ ሲመጣ ያፍራሉ።

"ስንጥቁን ምርግ አድርገህ ቀለም ቀባው፣ አለቀ"

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ጭቃ ሲደርቅ የሚመጣ ነው፣ አታስጨንቅም። ከበርና መስኮት ጥግ ተነስታ በሰያፍ የምትወጣዋ ወይ ከዓመት ዓመት የምትሰፋዋ ግን ሌላ ናት፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ግድግዳው ሳይሆን እንጨቱ ነው፣ ከስር በስብሷል ወይ ምስጥ በልቶታል። የእማዬን ለፋሲካ ቀለም ከመቀባታችን በፊት ከወለሉ ጥግ ምርጉን ፋቅ አድርጌ ቋሚውን በካቻቢቴ ወጋሁት፣ እስከ እጀታው ገባ! ከውጪ ደሞ ግድግዳው ዳር ሆናችሁ እዩ፣ ሰፈሩ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሎ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል፣ ዝናቡ ወደየት እንደሚሄድ ገምቱ። ቦይ ሳይቆፈር ቋሚ ብትቀይሩ ያኛውም ይበሰብሳል።

"ብሬከሩ እየወደቀ ካስቸገረ ትልቅ አስገባበት"

አረ በፈጣሪ! ብሬከሩ የሚወድቀው ገመዱን ሊያተርፍ ነው። ድሮ የተዘረጋው ገመድ ለሁለት አምፖልና ለሬዲዮ ነበር፣ ዛሬ 3500 ዋት ምጣድ ሲሰካበት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይጎትታል፣ ላዩ ላይ ካውያ ስትጨምሩ ገመዱ ኮርኒስ ውስጥ ይግላል፣ ኮርኒሱ ደሞ ጨርቅ ወይ ማዳበሪያ ነው። በፊውዝ ፈንታ የመዳብ ክር የሚጠመጥም ሰው ካለ እጁን ያዙት። ሶኬት ከጠቆረ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ከሸተተ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ ለምጣዱ ደሞ ከቆጣሪ የሚነሳ ራሱን የቻለ ወፍራም ገመድ ይሳብ።

"ከሰሉ ከቀላ አይጎዳም"

ጭስ የለውም እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፣ አይሸትም አይታይም። መስኮት ዘግቶ ይዞት መተኛት የለም፣ በቃ።

"ሊፈርስ ስለሆነ ማደስ ብክነት ነው"

እውነት ነው፣ ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማት ብዙ ሰፈር ሲነሳ አይተናል። ግን ጎረቤታችን እትዬ ከዛ በፊትም ሊፈርስ ነው እያሉ አስር ክረምት ባልዲ ከአልጋቸው ግርጌ ወደ ራስጌ ሲያዟዙሩ ነው የኖሩት፣ ቆርቆሮውን ያስቀየሩት ባለፈው ግንቦት ነው፣ ባልዲው ውስጥ አሁን ጤናዳም ተክለዋል።