ኔትወርክ ኢፌክት ምንድን ነው?

አራት ኪሎ ታክሲ ስትጠብቁ አይታችሁ ይሆናል። ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ማንም ቀድሞ መግባት አይፈልግም፣ ሁሉም ውጭ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ረዳቱ «የሞላ! አንድ ሰው!» ሲል ግን ግፊያ ነው። መኪናው ያው መኪና ነው፤ የተፈለገው ሰው ስላለበት ነው።

ኔትወርክ ኢፌክት የሚሉት ይህንኑ ነው። ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር ነገሩ ለእያንዳንዱ ሰው ይበልጥ ይጠቅማል። ፌስቡክ ላይ ብቻችሁን ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ጣጣው መውረዱም እንዲሁ መሆኑ ነው። አንዱ «ይሄ አይሄድም ባክህ» ብሎ ከወረደ ሌላው ይከተለዋል። ኒውስ ኮርፕ የተባለው የሚዲያ ኩባንያ ማይስፔስ የሚባለውን፣ እንደ ፌስቡክ ያለ ማኅበራዊ ድረ ገጽ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 በ580 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2011 የሸጠው በ35 ሚሊዮን አካባቢ ነው። እኛም ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየከፈልን ሃይ ፋይቭ የሚባል ተመሳሳይ ድረ ገጽ ላይ ፎቶ እንጭን ነበር። ዛሬ ፓስወርዴንም አላስታውሰው።

በታዳጊዎች ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ለእነሱ ጓደኛ መኖሩ ብቻ ሳይሆን እናትና አጎት አለመኖራቸውም ቁም ነገር ነው። የ15 ዓመቷን የእህቴን ልጅ ፌስቡክ ለምን እንደማትገባ ብጠይቃት፣ ከቲክቶኳ ቀና እንኳ ሳትል «ጋሼ፣ ፌስቡክ እኮ የማሚ ነው» አለችኝ። በኋላ ገባኝ። እህቴ የልጅቷን የሕፃንነት ፎቶ ለጥፋው፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሥሩ «እደጊ የኔ እናት» እያለ ተሰልፏል። ማን ይቆያል?

አሜሪካም ያው ነው። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉትን ሲጠይቅ፣ ፌስቡክ እንጠቀማለን ያሉት በ2014–15 ጥናት 71 በመቶ ነበሩ፣ በ2022 32 በመቶ።

ታዲያ ፌስቡኮች ልጆቹን ሊያቆዩዋቸው ይችላሉ? በእኔ እምነት እዚያው ታክሲ ውስጥ አይችሉም። የፌስቡኩ አለቃ ዙከርበርግም የገባው ይመስለኛል፤ ልጆቹ የሚሳፈሩበትን ቀጣዩን ታክሲ ገዛ። ኢንስታግራምን በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር ወሰደ። ስናፕቻት አልሸጥም ሲለው የእሱን ስቶሪ፣ በ24 ሰዓት የሚጠፋውን ፎቶና ቪዲዮ፣ በ2016 ኢንስታግራም ላይ አመጣ፣ ቲክቶክ ሲገፋው ደግሞ በ2020 ሪልስ የተባሉትን አጫጭር ቪዲዮዎች።

የእህቴን ልጅ ኢንስታግራሟን ጠየቅኳት። ሳታቅማማ ሰጠችኝ። ሦስት ፎቶ አለው፣ ሁለቱ ደመራ ናቸው። ታናሽ ወንድሟ ከጎኗ ሳቁን መያዝ አቃተው።