በወንዝ ሸለቆ ለሚታቀድ የቆሻሻ መቅበሪያ የሸክላ አፈር መኖር ይበቃል?

ተደጋግሞ የተነሣው ጥያቄ፣ በሸለቆው ላይኛው ክፍል ሸክላ አፈር ከተገኘ ቦታው ለቆሻሻ መቅበሪያ ብቁ ነው ወይ የሚል ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መደበኛ ንድፍ መሠረት፣ የቆሻሻው ፍሳሽ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ከቆሻሻው በታች ከሚነጠፈው የፕላስቲክ ምንጣፍ ሥር ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ የተጠቀጠቀና ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በሴኮንድ ከሴንቲሜትር አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ያልበለጠ አፈር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ውሃ ከላዩ ሳይጠራቀም በእንዲህ ያለ አፈር በዓመት የሚያልፈው 3 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ በጠጠር ውስጥ ግን በአንድ ቀን ብዙ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ወንዝ መንገዱን በቀየረ ቁጥር ጠጠርና አሸዋን ከሸክላው ጋር እያፈራረቀ ስለሚያነጥፍ፣ በአንድ የፍተሻ ጉድጓድ ብቻ መተማመን በእኔ ግምት ራስን ማታለል ነው። የመቅበሪያው ወለል ከከርሰ ምድር ውሃ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ግን እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ የውሃው ከፍታም ከወቅት ወቅት አንድ አይደለም።