«ልጅ በዕድሉ ያድጋል»፦ በወሎ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ መሬት የሚባለውና እውነታው

በወሎ ስለ ልጅ ብዛት የሚወራው በጤና ኬላ ብቻ አይደለም። በቅሬ (በእድር)፣ በወዳጃ (በጸሎት ስብሰባ) ቡና፣ በሰንበቴና በክርስትና ድግስም ይወራል፤ በዚያ የሚሰማው ደግሞ ከባለሙያው ይልቅ የሸኹና የንስሐ አባቱ ቃል ነው። በእነርሱ ስም ከሚነገረው ብዙው ግን እነርሱ ያሉት አይደለም።

«ሃይማኖት የወሊድ መከላከያን ፈጽሞ ይከለክላል።»

በእስልምና በኩል ጉዳዩ ጥንታዊ ነው። ቁርኣን በሚወርድበት ዘመን ሶሓባዎች (የነቢዩ ባልደረቦች) ዐዝል፣ ማለትም ዘርን ከማኅፀን ውጭ ማፍሰስ፣ ያደርጉ እንደነበር ጃቢር ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ተመዝግቧል። ኢማም አል-ገዛሊም ዐዝልን ሲፈቅዱ፣ በልጆች ብዛት የሚመጣውን ችግር መፍራትን ተቀባይነት ካላቸው ምክንያቶች ቆጥረውታል። በዚህ ላይ ተመሥርተው ብዙ ዑለማዎች ለጊዜው የሚከላከሉ ዘዴዎችን ይፈቅዳሉ፤ ያለ አስገዳጅ ምክንያት ለዘለቄታው መምከንን ግን አይቀበሉም። «ድህነትን ፈርታችሁ ልጆቻችሁን አትግደሉ» የሚለው የአል-ኢስራእ አንቀጽም የሚናገረው ስለ መግደል ነው፤ ያልተፀነሰ ልጅ ደግሞ አይገደልም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በኩል ነገሩን ማለሳለስ አያስፈልግም፤ ብዙ አባቶች መድኃኒቱን አይባርኩም፣ ራስን መግዛትን ያስቀድማሉ። ይሁንና ምእመናን በዓመት ከ180 በሚበልጡ የጾም ቀናት ከመኝታ እንዲታቀቡ የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ልጅን አራርቆ መውለድን በራሱ ኃጢአት ነው ብላለች ማለት አይቻልም፤ ክርክሩ በመንገዱ ላይ ነው። «ብዙ ተባዙ» የሚለውን የሚጠቅሱ ሰዎችም በሚቀጥለው ምዕራፍ ሰው በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» መሆኑን ሲዘሉት አያለሁ።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል።»

በሐይቅ አካባቢ በአንድ ቅሬ ላይ አንድ ጎልማሳ ይህንኑ አነሣ። «ሸኽዬ፣ ልጅ በዕድሉ ያድግ የለም እንዴ?» አላቸው። ሸኹ መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ «ዕድሉንስ አላህ ይስጠው፤ ጥማዱን አንተ ከየት ልታመጣለት ነው?» ብለው መለሱለት።

ጥያቄው የሒሳብ ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. በመሆኑ ከዚያ ወዲህ የጎለመሰ ልጅ ዋና ተስፋው የወላጁ ድርሻ ነው። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ ገደማ ነውና አራት ጥማድ ያለው አባት ለስድስት ልጆች ቢያካፍል ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ እንኳ አይደርሳቸውም። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ተዳፋቱን ማረስ፣ የግጦሹን ጥግ መቁረስ፣ ወይም በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲና ወደ ዓረብ አገር መሻገር ነው።

«መርፌው ያመክናል።»

አያመክንም። የሦስት ወሩ መርፌ ከቆመ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ ዐሥር ወር ያህል ሊወስድ ስለሚችል፣ የዘገየው እንደ ቀረ ተቆጥሮ ወሬው የተነሣው ከዚህ ይመስለኛል። በክንድ የሚቀበረው ሲወጣ ግን መውለድ የሚያስችለው አቅም ቶሎ ይመለሳል።

ከመምከን ወሬ ይልቅ ብዙም የማይነገረው ችግር መከላከያው የሚያመጣው የወር አበባ መዛባት ነው። ደሟ ሳይታሰብ የሚመጣባት ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን መግባት ትተዋለች፤ ሙስሊሟ ሶላቷን ምን እንደምታደርግ ይቸግራታል። በፊቅህ (በእስልምና የሕግ ትምህርት) ከወር አበባና ከወሊድ ደም ውጭ ያለው ደም ኢስቲሓዳ ስለሚባል ሴቲቱ ትሰግዳለች፤ ይህን የምትሰማው ግን ከነርስ ሳይሆን ከሸኽ ወይም ከሸኽ ሚስት ነው። አንዲት ሴት መርፌውን ስታቋርጥ «ሃይማኖቷ ከለከላት» ከማለት በፊት ይህን መጠየቅ ይገባል።

«የአንዱን ሃይማኖት ቁጥር ለመቀነስ የመጣ ነው።»

የ1985 ዓ.ም. ብሔራዊ የሕዝብ ፖሊሲ በሃይማኖት አይለይም፤ በአንድ ጤና ኬላ ለሙስሊሟም ለክርስቲያኗም የሚሰጠው መድኃኒት ከአንድ ካርቶን ይወጣል። በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት በሚገኝበት ወሎ ወሬው መሰማቱ ራሱ ያስገርማል።

«ወሎን ያራቆተው፣ ያስራበውም የሰው ብዛት ነው።»

ይህኛው የሚነገረው በተማሩ ሰዎች ስለሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አማርቲያ ሴን የ1966ቱን ረሃብ ሲያጠኑ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይጫን እንደነበር አሳይተዋል፤ ገበሬው የጠፋበት የመግዛት አቅሙ ነበር፣ መንግሥትም ረሃቡን ደብቆታል። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ሕዝብ ከአሁኑ ሲሶ አይሞላም ነበር። የ1977ቱ ደግሞ ከድርቁ በላይ ጦርነት ነበረበት። ደኑን በተመለከተም የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ በጣልያን ወረራ ዘመን የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ ከነበረው ገጽታ ጋር ሲያስተያዩ በብዙ ቦታ ዛፍ በዝቶ አግኝተዋል፤ እርግጥ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው።

ይህ ማለት ግን የሰው ብዛት መሬቱን አይጎዳም ማለት አይደለም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በደቡብ ወሎ ተዳፋት ላይ የአፈር መሸርሸርን ሲለካ ኖሯል፤ የምርምሩ መሪ ሃንስ ሁርኒ በአገሪቱ ከሚታረስ አንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር በየዓመቱ እንደሚታጠብ ገምተዋል። ጉዳቱን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ደግሞ የቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ኩበት ይመልከት፤ እንጨት ስለጠፋ ለማገዶ የሚነደው ለማሳው ሊሆን የሚገባው ፍግ ነው።

«ወሊድ ከቀነሰ ሕዝቡም ወዲያው ይቀንሳል።»

በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2005 5.1 የነበረው በ2016 3.7 ደርሷል። ሆኖም ቀድሞ የተወለዱት ብዙ ልጃገረዶች ገና እናት ስለሚሆኑ ቁጥሩ ለዐሥርተ ዓመታት ይጨምራል። ስለዚህ የዛሬው ምጣኔ የዛሬን እርከን ሥራ አይተካም።

«የሴቶች ጉዳይ ነው።»

በቅሬው የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምታነጋግረው ግን ሴቶቹን ነው። ብዙ ፉቀሃዎች (የእስልምና ሕግ ሊቃውንት) ለዐዝል እንኳ የሚስትን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ባልና ሚስት እንዲመክሩበት ማለት ነው። ቤት የሚሆነው ሌላ ነው። መርፌው ከሌሎቹ ተመራጭ የሆነበት አንዱ ምክንያት በሰውነት ላይ ምልክት አለመተዉ ነው፤ የቀጠሮ ካርዷን ቤት ላለመውሰድ ጤና ኬላው ውስጥ አስቀምጣ፣ ቀኑን በገበያ ቀን ቆጥራ የምትመለስ ሴት አለች።