ስለ ሬቶሪክ ጆርናሎች በስህተት የሚወራው

ሬቶሪክ ሰው በንግግር፣ በጽሑፍና በምስል ሌላውን እንዴት እንደሚያሳምን የሚያጠና ዘርፍ ነው። እኛ ጋ "የንግግር ጥበብ" ሲባል ትሰማላችሁ። በዚህ ዘርፍ ጆርናሎች፣ ማለትም ጥናታዊ ጽሑፎች በሚወጡባቸው መጽሔቶች፣ ማሳተም የሚፈልጉ ሰዎች ከሚያምኗቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ተስፋ ያስቆርጣሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ገንዘብ ያስበላሉ።

"ሬቶሪክ ባዶ ወሬ ነው፤ ምን ጆርናል አለው?"

ያውም ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ጆርናል አለው። እ.ኤ.አ. በ1914 አሜሪካ ውስጥ 17 የንግግር መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ወጥተው የራሳቸውን አቋቋሙ። በዓመቱ ጆርናል ጀመሩ። ዛሬ "ኳርተርሊ ጆርናል ኦፍ ስፒች" የሚባለው እሱ ነው። በ1968 "ፊሎሶፊ ኤንድ ሬቶሪክ"፣ በ1983 ደግሞ የሬቶሪክን ታሪክ የሚያጠናው "ሬቶሪካ" ተከተሉ።

"ለማሳተም መክፈል ግድ ነው"

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በዘርፉ የታወቁት ጆርናሎች ጽሑፍ ለመቀበል ገንዘብ አይጠይቁም። ለጸሐፊውም አይከፍሉም። ገቢያቸው በዋናነት ከቤተ መጻሕፍት ደንበኝነትና ከማኅበር አባልነት ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች ክፍያ የሚጠይቁት ጽሑፉ ለሁሉም በነጻ እንዲነበብ ጸሐፊው ከመረጠ ነው፤ ምርጫ እንጂ ግዴታ አይደለም። "ክፈሉና በሦስት ቀን እናወጣላችኋለን" የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ አጥፉት። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት የዘርፉ ሰዎች ይገመግሙታል፤ በሦስት ቀን ደግሞ ማንም በቅጡ አይገመግምም።

"ኢንተርኔት ላይ ብቻ የወጣ አይቆጠርም"

"ካይሮስ" የተባለውን ጆርናል ተመልከቱ። ስሙ በግሪክኛ ለመናገር የሚመች ትክክለኛ ሰዓት ማለት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ ይወጣል፤ ጸሐፊም አንባቢም አይከፍልም። የሚያወጣቸው ሥራዎች ወረቀት ላይ ሊታተሙ አይችሉም፤ ድምፁ፣ ቪዲዮውና ሊንኩ ራሱ የክርክሩ አካል ነው። ግምገማውም ቀላል አይደለም። መጀመሪያ አርታኢዎቹ ያያሉ። ቀጥሎ የጆርናሉ የአርትዖት ቦርድ አባላት እርስ በርስ እየተወያዩ ይገመግማሉ። ማሻሻል ካስፈለገ አንድ ሰው ከጸሐፊው ጋር አብሮ ይሠራል። እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ፤ ግምገማ ማስተማርም ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

"አሻሽላችሁ መልሱ ከተባለ ወድቋል ማለት ነው"

አይደለም። አርታኢው ፍላጎት አለው ማለት ነው። አስተያየቱን ነጥብ በነጥብ መልሱና ላኩ። ያንኑ ጽሑፍ በጎን ለሌላ ጆርናል እንዳትልኩ ግን፤ ክልክል ነው።

"ስም ከተደበቀ አድልዎ የለም"

ጽሑፍ ሲገመገም የጸሐፊውን ስም መደበቅ ይረዳል፤ ግን አርታኢው ስሙን ያያል፣ ገምጋሚዎቹንም ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ናሽናል ኮሚዩኒኬሽን አሶሲዬሽን የተባለው የአሜሪካ የተግባቦት ምሁራን ማኅበር የክብር ሊቃውንት የሚመረጡበትን መንገድ ቀየረ፤ ተመራጮቹ ከሞላ ጎደል ነጮች ብቻ ነበሩና። የ"ሬቶሪክ ኤንድ ፐብሊክ አፌርስ" ጆርናል አርታኢ ለውጡን ተቃውሞ ጻፈ። በዚህ የተነሳ ከጆርናሉ ቦርድ አባላት ብዙዎቹ ለቀቁ። ስም ቢደበቅም፣ ማን በር ላይ ቆሞ እንደሚመርጥ መጠየቅ ተገቢ ነው።

"ገንዘብ ከሌለኝ ማንበብም አልችልም"

ኢትዮጵያ ያላችሁ፣ ተቋማችሁ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ላሉ ተቋማት ጆርናሎችን በሚከፍተው በሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም ተመዝግቦ እንደሆነ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን ጠይቁ፤ ብዙ ጆርናሎች በነጻ ይከፈታሉ። ካልሆነም ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፉ። አብዛኞቹ የሚያነብላቸው ሰው ሲያገኙ ደስ ብሏቸው ይልካሉ።